ሽምብራና ስቴኪኒ

ልጅን እቤት ለማስተማር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ከባዱ ዝምታ ነው። ደብተር ይገዛል፤ እርሳስ ይቀረጻል፤ ሰሌዳ ቢጠፋ የፍሪጅ በር አለ። አፍን የሚገጥም ነገር ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። የአምስት ዓመት ልጁ ብርቱካን ደርድሮ ሲጫወት ያየ ወላጅ "ስንት ናቸው?" ሳይል ማለፍ አይችልም። ልጁም ሞኝ አይደለም፤ በጠያቂው ዓይን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይታየዋል። ብርቱካኑን እዚያው ጥሎ "ሽንቴ መጣ" ይላል። ከዚያ ወዲያ ያ ብርቱካን ለመበላት እንጂ ለጨዋታ አይሆንም።

እኛ ወደዚህ ሙያ የገባነው በፈቃዳችን አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጋሉ ተባለ። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገር ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። የአገሩ ወላጅ በአንድ ጀምበር መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ደመወዝ የሌለው፣ የእረፍት ደወል የሌለው፣ ተማሪው አለቃ የሆነበት ሹመት። 15ቱ ቀን ተራዘመ፤ ፋሲካ አለፈ፤ ክረምት ገባ፤ እንቁጣጣሽም እዚያው ሳሎን ውስጥ መጣብን።

ትምህርት ቤቶቹ ዝም አላሉም፤ በቴሌግራም ወርክሽት ይልኩ ጀመር። የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ "ገጽ 4 ለማን ተከፈተለት?" የሚሉ እናቶችና የጽጌረዳ ፎቶ ላይ "ደህና እደሩ" ጽፈው የሚልኩ አባቶች ተፈራርቀው ያድራሉ። የእኛዋ ሚጣ ያኔ ኬጂ ሁለት ነበረች። ከመጡላት ገጾች በአንዱ ላይ ለእንግሊዝኛው "አይ" የተመረጠላት ሥዕል ኢግሉ ነበር።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"ኢግሉ ይባላል። የበረዶ ቤት ነው።"

"ፍሪጅ?"

"አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት።"

"ፍሪጅ ውስጥ ሰው ይኖራል?"

ከዚያ በላይ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ወረቀቱን በእናቷ እርዳታ አጣጥፋ ጀልባ ሠራችበትና ባልዲ ውስጥ አንሳፈፈችው። ቆርኪ እየጨመረች ትጭነው ጀመር። ጀልባው መጀመሪያ አዘነበለ፣ ቀጥሎ ረጠበ፣ በመጨረሻም ከነኢግሉው ሰጠመ። እሷ ሌላ ገጽ እንዲሰጣት ጠየቀች። ሰኞ የተላከው ወርክሽት በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ።

ኢንተርኔት ላይ ምክር ሞልቷል። ልጆችን በእጅ ሥራ እናስተምር የሚሉት የውጭ አገር እናቶች ደጎችና ፈገግተኞች ናቸው፤ ጭንቁ የሚያዙት ዕቃ ነው። የሚያብረቀርቅ ዱቄት፣ ፀጉራም ሽቦ፣ የሚንከባለል የአሻንጉሊት ዓይን፣ 12 ቀለም ያለው የሚድቦለቦል ጭቃ። ፈልጎ ላገኘ መርካቶ ውስጥ አይጠፋም ይሆናል፤ ያን ሰሞን ለአሻንጉሊት ዓይን ብሎ መርካቶ የሚገባ ጀግና ግን እኛ ሰፈር አልነበረም። እቤት ያለው ምስር፣ ሽምብራ፣ ጤፍ፣ አንድ ፓኮ ስቴኪኒ፣ ባዶ የእንቁላል ካርቶንና እማማ ነበሩ።

እማማ አማቴ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ለሕክምና መጥተው የመንገዱ ነገር አልጨበጥ ሲል እኛው ጋ ከረሙ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው ማየት አይሆንላቸውም፤ ሰው ሲሉ የአምስት ዓመት ልጅንም ይጨምራሉ። አንድ ጠዋት ሰፌዱን ሚጣ ጭን ላይ አስቀመጡና ምስር አፈሰሱበት። "ጠጠሩን ልቀሚ፤ ምስሩን እንዳታፈሺ" አሏትና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ማብራሪያ የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ "ጎበዝ!" የለ። ለወርክሽት አምስት ደቂቃ የነፈገችው ልጅ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ጠጠር ስትቆነጥር ረፋዱ አለቀ። እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ጣቶች መሆናቸውን ልናገር ስል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

የእማማ ዘዴ ባሕር ማዶም ዘመድ አለው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ጣሊያናዊት ሐኪም በእነሱ አቆጣጠር በ1907 ጥር ወር ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያዋን የልጆች ቤት ከፈተች። የቤቱ አነሳስ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ እንግዳ አይደለም፦ ሕንፃዎቹን አድሰው የሚያከራዩት ሰዎች፣ ወላጅ ሥራ ሲውል ልጆቹ ደረጃና ግድግዳ እያበላሹ ስላስቸገሯቸው የሚሰበስብላቸው ሰው ፈለጉ። ሐኪሟ ልጆቹን ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ አስቀዳቻቸው፣ ጠረጴዛ አስወለወለቻቸው፣ ከሸካራ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል በጣታቸው አስዳሰሰቻቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስሟን በራፉ ላይ የሰቀለ መዋዕለ ሕፃናት ሞልቷል፤ ክፍያውም እንደዚያው። በወር ይህን ያህል ሺህ ብር እየተቀበሉ ልጅን ጥራጥሬ እንደሚያስለቅሙ ለእማማ የነገርኩ ዕለት ሰፌዳቸውን አንስተው አገላብጠው አዩት። "እኔ እናቷን በነፃ ነው ያስለቀምኳት" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የቀረባቸው ገንዘብ ይሰማ ነበር።

ከጥራጥሬ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የኢንተርኔቱ ቪዲዮዎች በትንሽ ፊደል ያልፉታል። ለልጅ አንድ ፍሬ ሽምብራ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚታየው ቀዳዳ የራሱ አፍንጫ ነው። የእኛዋ ለማንም ሳትናገር አንዱን አስገብታ ኖሮ፣ ምሳ ላይ በአፏ ስትተነፍስ ነቃን። ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ሊሆን የታሰበው ይኸው ነበር፣ እሷ ቀደመችን። ሰፈር ባለው ክሊኒክ ያገኘናት ነርስ መቆንጠጫ ከመያዟ በፊት ለእናቷ አንድ ዘዴ አሳየቻት፦ ነፃውን ቀዳዳ በጣት ደፍኖ፣ አፍን በአፍ ገጥሞ፣ አንዴ እፍ ማለት። ሽምብራው ተፈናጥሮ ነርሷ ጋውን ላይ አረፈ። ሚጣ "ድገሚው" አለች። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንኳን ሽምብራ፣ ባቄላም ያለ ጠባቂ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ላለውም ጠባቂው ስልኩን ያስቀምጥ።

እንግዲህ ሽምብራ እንዲህ ካስደነገጠን በኋላ ከቤት ማባረር ነበረብን፤ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታ ከእሱ ጋር ነው። ፍሮቤል የሚባለው ጀርመናዊ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጨረሻ ባድ ብላንክንቡርግ ውስጥ የትናንሽ ልጆች መዋያ ሲከፍት ከእንጨት ኩብና ከክር ኳስ ጋር አንድ ሌላ ነገር አሰበ፦ የተዘፈዘፈ አተርና ቀጫጭን እንጨት። አተሩ መገጣጠሚያ፣ እንጨቱ ቋሚ። በእኛ ቤት አተሩ ሽምብራ፣ እንጨቱ ስቴኪኒ ሆነ። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ውኃውን አጥልሎ ለጥቂት ሰዓት ማናፈስ ነው፤ በጣም የራሰ ይፈረካከሳል፣ ያልራሰ ስቴኪኒውን ይሰብራል። የጾም ሰሞን ከሆነ ደግሞ የተዘፈዘፈ ሽምብራ በየቤቱ ስለማይጠፋ ዝግጅቱም ይቀላል።

ሚጣ መጀመሪያ አራት ሽምብራ በአራት ስቴኪኒ አያይዛ መስኮት ሠራች። መስኮቱ በቆመበት ወደ ጎን ተንጋደደ። ሌላ ሠራች፤ እሱም ተንጋደደ። ሦስት ሽምብራ የቀራት ጊዜ በሦስት ስቴኪኒ አያያዘችውና ቀጥ ብሎ ቆመ። ገፋችው፤ ቆመ። በጣቷ ተጫነችው፤ ቆመ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ባለቤቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፣ ጉሮሮዬን መልሼ ዋጥሁ። ሚጣ ወደ ተንጋደዱት መስኮቶች ተመልሳ እያየቻቸው ሳለ እማማ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቤት ነው፤ ይወድቃል" አለች ሚጣ።

"ሰያፍ የሌለው ቤት ምን ያቆመዋል? ሰያፍ አግቢበት" አሉና አንድ ስቴኪኒ ከጥግ እስከ ጥግ አጋድመው ሰኩላት። አጭር ስለሆነ ሁለት ቀጣጥለው ነበር። መስኮቱ ለሁለት ሦስት ማዕዘን ተከፈለና ጸጥ ብሎ ቆመ። እማማ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሲሠራ እያዩ ያደጉት ቤት ግን ብዙ ነው።

ባክሚንስተር ፉለር የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ያን ድቡልቡል ጣሪያ በማስፋፋት የታወቀው፣ ልጅ ሳለ ዓይኑ በደንብ አያይም ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ያዩትን ቤት አስመስለው በአተርና በስቴኪኒ አራት ማዕዘን ሲሠሩ፣ እሱ በጣቱ እየዳሰሰ የሚጸናውን ፈልጎ ሦስት ማዕዘን ላይ እንደደረሰ ራሱ ይናገር ነበር። የአርክቴክቱ የፍራንክ ሎይድ ራይት እናትም የፍሮቤልን ኩቦች በእነሱ አቆጣጠር በ1876 ፊላደልፊያ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አይታ ነው ለልጇ የገዛችው። ይህን ሳነብ ልቤ አብጦ ሚጣን አርክቴክት አድርጌ ዳርኳት ማለት ይቻላል። እሷ ግን ቤቷን ሠርታ ጨርሳ ሽምብራውን አንድ በአንድ እየነቀለች በላችው።

ፊደሉን በተመለከተ ቤታችን ውስጥ ከባድ ክርክር ነበር። ትሪ ላይ ስስ የጤፍ ዱቄት በትኖ በጣት መጻፍ ግሩም ዘዴ ነው፤ ሲሳሳቱ መነቅነቅ ብቻ ነው፣ ላጲስ የለም፣ የተቀደደ ገጽ የለም። እማማ ሲያዩት ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ጤፍ ላይ ይጻፋል? እግዜር አያይም?" የጤፍን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ከሥነ መለኮቱም ይልቅ ሒሳቡ ይከብዳል። ስለዚህ ከምድጃው የከሰል አመድ ተነፋና ትሪው ላይ ተበተነ፤ ፊደላቱ ግራጫ ሆኑ፣ ልጅቷም እንደዚያው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ቁጥር ለልጅ አስቀድሞ መንገር ጭካኔ ስለሆነ አልነገርናትም። በየቀኑ አንድ ፊደል ቤት ውስጥ ፈልጊ ተባለች፤ በዘይት ጀሪካን ላይ፣ በሳሙና ልባስ ላይ፣ በእማማ ዳዊት ላይ። "መ" መነጽር ይመስላል ብላ የእማማን መነጽር አምጥታ አመዱ ላይ አተመችው። መነጽሩ እስኪጠራ ሁለት ቀን ፈጀ።

የድሮ የኔታዎች ግን ብልህነታቸው ይገርመኛል። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ተማሪ በአቡጊዳው ይፈተናል፤ ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ ዜማው አያድነውም፣ ፊደሉን በዓይኑ መለየት አለበት። የእኛዋም በዜማ ሄዳ ሄዳ የሳሙናው ልባስ ላይ ተይዛለች።

ወደ ጤፉ ልመለስና፣ አንድ ማታ እራት ላይ ሚጣ እንጀራውን ትክ ብላ እያየች "ስንት ጤፍ አለው?" አለች። ጥያቄው ከእሷ ስለመጣ መልሱ ይፈቀድልኛል ብዬ ተነሳሁ። የጤፍ አንድ ሺህ ፍሬ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ ማለት ነው። "ሚሊዮን ከመቶ ይበልጣል?" አለች። እንዴታ። "ታዲያ ማን ለቀመው?" ሁላችንም ወደ እማማ ዞርን። እማማ እንጀራቸውን ቆርሰው "እሱማ አይለቀምም፤ ይነፋል" አሉ፤ ያን የሚያህል ትልቅ ቁጥር በአንድ ወንፊት አለፈ። በነጋታው የሊጡ ተራ ሆነ፦ ትንሽ ሊጥ ከእርሾ ጋር በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተጨመረና አፉ ላይ ፊኛ ተለጠጠ። ሊጡ ሲቦካ የሚያወጣው አየር ፊኛውን ቀስ በቀስ ቀና አደረገው። የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ያው አየር መሆኑን ያወቀችው ሚጣ፣ ምጣዱ ዘንድ ቆማ ዓይኖቹ ሲከፈቱ "ነቁ!" እያለች ጎረቤት ትጠራ ጀመር።

ደጁም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ብሎካችን ግቢ ውስጥ አንድ የመጥረጊያ እንጨት ተተክሎ የጥላው ጫፍ በጠመኔ ይታተም ነበር። በመጋቢት ቀትር ላይ ጥላው ወደ እንጦጦ ይጠቁም ነበር። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጥላው እንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ፤ የጠፋውም ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ሰዓታችን የተቀመጠው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ እኛ ጋ ዘግይታ ትደርሳለች። ግንቦት ላይ ጥላው ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጠ። ሚጣ "ተኳረፉ" አለች። እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ አይታረቁም። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ስለ ጠመኔው ሊነጋገር መጥቶ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ጎንበስ ብሎ ምልክቶቹን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ "ቅዳሜ ያደረጋችሁት ነጥብ ትንሽ ተዛንፏል" ብሎ ሄደ። ሰኞ ማክሰኞ የተሰመረበትን ኮሪደር ግን አልማሩም፤ ከሐሙስ በስተቀር ሁሉንም ቀን በውኃ አጠቡት።

ከሁሉም የማልረሳው ሰኔ 14 ቀን 2012 ነው። እሑድ ጠዋት ነበር። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ ጋ ደግሞ ጨረቃ ከጎኗ ገምጣ ሸራርፋት ነበር። በባዶ ዓይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ልዩ መነጽር ደግሞ አልነበረንም። የነበረን የፓስታ ማጥለያ ነው። ማጥለያውን ፀሐይ ላይ አድርጎ፣ ጀርባን ሰጥቶ፣ መሬት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ማየት። እያንዳንዷ ቀዳዳ አንዲት የተገመጠች ፀሐይ ጣለች። በብሎካችን ደረጃ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ማጭዶች ረገፉ።

"በፓስታ ማጥለያ ፀሐይ ይጠለላል?" አሉ እማማ፤ አማተቡና ቀረቡ።

እኔ እዚህ ላይ ስለ ጨረቃና ስለ ምድር፣ ስለ ብርሃን በቀጥታ መሄድ፣ ስለ ብዙ ነገር የምለው ነበረኝ። በብርቱካንና በሎሚ ላሳይ አዘጋጅቼ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ማን ይስማኝ? ሚጣ በእጇ መዳፍ ላይ ማጭዶቹን ትይዛለች፤ የጎረቤት ልጆች አንዱ ወንፊት፣ አንዱ ቀዳዳ ያለው ብስኩት ይዞ ወረደ፤ ጥበቃው የቆርቆሮ ጣሳ በምስማር በስቶ መጣ። ብስኩቱ ከማጥለያው በልጦ ጥርት ያሉ ፀሐዮች አወጣ፤ ግርዶሹ ሳያበቃ ግን ተበላ። እማማ ማጥለያውን ከእኔ ተቀብለው ለማንም አልመልስም አሉ፤ ምሳ የተበላው በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሒሳቡን ለገበጣ ተውነው። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን ስድስት በአምስት ነው፤ ሁለት ረድፍ ሲቆረጥ 12 ጉድጓድ ይወጣል፣ በየጉድጓዱ አራት ፍሬ ሲገባ 48። እማማ ጉድጓዱን አይተው ብቻ ስንት ፍሬ እንዳለና የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ሚጣ ይህን ለመቋቋም መጀመሪያ ማስላት ጀመረች፤ ሲያቅታት ማጭበርበር ጀመረች። ሳይታወቅ ማጭበርበር ከማስላቱ የበለጠ ስሌት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዚህም በኩል ትምህርቱ አልተቋረጠም። ጉሊት ሄደን ቲማቲም ስንገዛ ደግሞ የመቀነስን ጥቅም ለሻጯ አስረዳችልኝ። እኔ "ሌላ የለኝም" እያልኩ በመደብ አምስት ብር ለማስቀነስ ስታገል፣ "አባዬ ግን በዚህኛው ኪሱ ሃምሳ ብር አለው" አለች፤ ኪሴንም አሳየች። ሻጯ ቲማቲም ጨመረች፤ ለእሷ።

አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የምትፈተነውም እዚያ ነው። እቤት የቀረው የጥያቄ ሥርዓት አንድ ብቻ ነው፣ ጠያቂዋም እሷ ነች። ከራት በኋላ እማማ ባሉበት "እንቆቅልሽ!" ትላለች፤ "ምን አውቅልሽ" እንላለን። እንቆቅልሾቹን ራሷ ነው የምትፈጥረው። "እማዬ ቦርሳ ውስጥ ያለ፣ እማዬ ግን የማታገኘው?" ቁልፍ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ባለቤቴ እንኳ ታውቃለች። የሚከብዱትም አሉ። "አባዬ የሚያውቀው፣ ሊናገረው ሲል እማዬ የምትቆነጥጠው?" ይህን እንኳ መመለስ እችል ነበር፤ ግን ቀኝ ጉልበቴ አጠገብ ያለችው እጅ ዝግጁ ነበረች።

ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ከሰጠኋት ቆይቷል፤ ሐረርና ጅማ ሄደዋል፤ ባሕር ዳር ከነጣናው ተወስዷል። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የወሰደችውን በቀይ ታከብባለች፤ የሰሜኑን አብዛኛውን ይዛ ወደ ደቡብ እየወረደች ነው። ትናንት እጄ ላይ ምንም ስላልቀረ ሱሉልታን ሰጠኋት፤ "እሱማ የምናልፍበት ነው፣ አገር አይደለም" አለች። ደብረ ማርቆስን ስል እማማ "እሷን አትነካም" አሉኝ። ከአገር ልውጣ ብዬ ዱባይን አቀረብኩ።

"ዱባይ የአክስቴ ናት" አለች ሚጣ፤ "ሌላ ስጠኝ።"